የሎኒ ሜይ ግራ እጅ

ዋይዝ፣ ቨርጂኒያ
ጁን 12 ቀን 1988

ለተከበሩ ዶክተር ሃርላን ፕሩዊት፤

አዲሱን መጽሐፍዎን ፎቶው ያለበት ገጽ ላይ ገልጬ አያቴ ጭን ላይ ሳስቀምጠው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አያቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ፎሶሊያ ትቀነጥሳለች። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ መነጽሯን አስተካከለች፤ ፎቶውን አየችው። ከዚያ «ጊታሩን ወደ ቀኝ እጇ ያዞረባት ማነው?» አለች። መጽሐፉን ዘግታ መለሰችልኝና ወደ ፎሶሊያዋ ተመለሰች።

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለእርስዎና ለወይዘሮ ማርጌሪት የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስልክ ልደውል ብዬ ተነስቼ ነበር፤ ግን የምጮህ ስለመሰለኝ ወረቀት መረጥኩ።

ዶክተር፣ ያንን ፎቶ ባለፈው ዓመት ከአያቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ አውርጄ፣ አውቶቡስ ውስጥ እስከ ናሽቪል ድረስ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያመጣሁልዎት እኔ ነኝ። ቢሮዎ ገብቼ «ይቺ አያቴ ዞና ቪካርስ ናት። የመጀመሪያዋ ሎኒ ሜይ እሷ ናት። ጊታር የምትመታው በግራ እጇ ነው» ብዬ ነገርኩዎት። እርስዎ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ካዩት በኋላ «እኔ ጋ ይቆይ» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

አሁን በመጽሐፉ ውስጥ አያቴ ጊታሩን በቀኝ እጇ ትመታለች። ከሥሯ የተጻፈው ደግሞ «ፈርን ኦቨርቤይ፤ ሎኒ ሜይ በሚል ስም የዘፈነችው ብቸኛዋ ሴት» ይላል።

በወይዘሮ ፈርን ላይ ክፉ አልናገርም። ሎኒ ሜይ መጀመሪያ የዱቄት ስም እንደነበረች፣ ፋብሪካው ከረጢቱ ላይ ያሳተማት ልጅ በብሪስቶል ራዲዮ ሕይወት ዘርታ እንድትዘፍን ብሎ አያቴን እንደቀጠረ፣ አያቴ ስታገባ ደግሞ ስሙን ለፈርን እንደሰጠ በመመረቂያ ጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ አንድ በአንድ አስቀምጬልዎታለሁ። ፈርን የዘፈነቻቸው ሸክላዎች የፈርን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ግን፣ አገር ሁሉ የወደዳቸው እነዚያ፣ የአያቴ ድምፅ ናቸው። የእኛ ሸለቆ ሰው ይህን ያውቃል። አያቴ ብቻ ናት የማታወራው። ለምን እንደማታወራም ማንም አያውቅም።

የማተሚያ ቤቱ ስህተት እንደሆነ አልጠራጠርም። ፊልሙ በተቃራኒው ተቀምጦ፣ ጽሑፉ ከሌላ ፎቶ ጋር ተቀያይሮ ይሆናል። ሁለተኛው እትም በመከር ስለሚወጣ ለማረም ጊዜ አለ። አያቴ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሟ ከድምፅዋ ጋር አብሮ ታትሞ በዓይኗ እንድታየው እፈልጋለሁ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

የምስጋናውን ገጽ አላሳየኋትም። «የፈርን ኦቨርቤይን ፎቶ ላዋሰችን ለሬቫ ቪካርስ» ይላል። በገዛ አያቴ ላይ ምስክር አድርጋችሁኛል እኮ።

አክባሪ ተማሪዎ
ሬቫ ቪካርስ


ናሽቪል፣ ቴነሲ
ጁን 21 ቀን 1988

ውድ ሬቫ፣ ልጄ፤

ደብዳቤሽ ያገኘኝ ሐይቁ ዳር ያለው ቤታችን ነው፤ ለመዘግየቴ ይቅርታ። ዘንድሮ ዓሣው ንቆናል፤ መንጠቆዬን አሽትቶ ይሄዳል። ማርጌሪት ሰላም ብላሻለች። የላክሽላትን የብላክቤሪ ማርማላታ ሞቅ ባለ ብስኩት እየቀባን ጨርሰነዋል፤ ማሰሮውን በምላሱ ያጠበው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን ያመነ የለም።

አያትሽ በማዘናቸው እኔም አዝኛለሁ። ፎቶውን በተመለከተ ግን ማተሚያ ቤቱን አትውቀሺ። ፎቶው ሲታጠብ የተገለበጠ ስለነበር እኛው አስተካከልነው። በዚያ ዘመን ፎቶዎች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ፈርን ቀኝ እጇን ነው የምትጠቀመው፤ ሎኒ ሜይም ፈርን ናት። ከመጀመሪያ መጽሐፌ ጀምሮ የጻፍኩት ይህንኑ ነው፤ ከእኔ በኋላ የመጡት ሁሉ በዚሁ ላይ ቆመዋል። ሴፕቴምበር ላይ ሁለተኛው እትም ሲመረቅ ፈርን በሎኒ ሜይ ስም የክብር ሽልማት ትቀበላለች። አዳራሹ ተይዟል፤ የቴነሲው ገዢም ሊመጡ ይችላሉ።

ሬቫ፣ እኔ ሸክላ ፍለጋ ስንት በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ስንት የበቆሎ ዳቦ በልቻለሁ። «ሎኒ ሜይ እኔ ነበርኩ» የምትል አክስት የሌለችበት ሸለቆ እስካሁን አላየሁም። ሁሉንም ብሰማ ኖሮ ፋብሪካው ከዱቄቱ ይልቅ ዘፋኝ ያመርት ነበር ማለት ነው። ታሪክ በሠፈር ወሬ ላይ አይጻፍም።

ባታምኚኝ አያትሽን ጠይቂያቸው። በ1961 ቤታቸው ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ። ያን ቀን ምን እንዳሉኝ ራሳቸው ይንገሩሽ።

ሦስተኛውን ምዕራፍ ለጊዜው አቆዪው። የቀረው ጽሑፍሽ ግሩም ነው፤ በመከር ደስ ብሎኝ እፈርምልሻለሁ።

ሁሌም መልካምሽን የሚመኝ
ሃርላን ፕሩዊት


ዋይዝ፣ ቨርጂኒያ
ጁላይ 2 ቀን 1988

ለዶክተር ፕሩዊት፤

እንደምን ሰነበቱ። ለወይዘሮ ማርጌሪት ሌላ ማሰሮ ልልክ አስቤ ነበር፤ እዚህ ተራራው ላይ ብላክቤሪው ገና አልበሰለም።

ፎቶው የተገለበጠ ነበር የሚለውን ሳነብ ልቤ ቀለል አለው። እውነቴን ነው። ስህተት ነው፣ ተንኮል የለበትም ብዬ ልተነፍስ ነበር። ደብዳቤዎን አጥፌ ፖስታው ውስጥ ልመልሰው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ፎቶው ላይ ከአያቴ ፊት፣ በጎን በኩል፣ ማይክሮፎን አለ። ማይክሮፎኑ አናት ላይ የራዲዮ ጣቢያው መጠሪያ የተጻፈባት ትንሽ ብረት ተለጥፋለች። እኔ ፊደል የለየሁት በእሷ ነው። አያቴ አቅፋኝ ግድግዳው ሥር ቆማ፣ ጣቴን ይዛ እያንዳንዱን ፊደል እያስነካች አስተማረችኝ። ፎቶው የተገለበጠ ቢሆን ኖሮ ፊደላቱም በመስታወት ውስጥ እንደሚታዩት ይገለበጡ ነበር። እኔም ትምህርት ቤት ስገባ ተገልብጬ እጽፍ ነበር። አልተገለበጡም፤ ቀጥ ብለው ነው የሚነበቡት።

መጽሐፍዎን እንደገና ገለጥኩት። ማይክሮፎኑ የለም። ፎቶው ከአያቴ ክርን ላይ ተቆርጧል።

ዶክተር፣ ሰው ሳያውቅ ፎቶ ሊገለብጥ ይችላል። ሳያውቅ ከገለበጠ በኋላ ግን መገለበጡን የምታሳብቀውን አንዲት ነገር ለይቶ አይቆርጥም።

ክፍል ውስጥ ያስተማሩኝ የመጀመሪያ ነገር ጆሮዬ ላይ ያቃጭል ጀመር። «የድሮ ፎቶ ስታዪ ፊቱን ተዪው፤ መጀመሪያ ፊደል ፈልጊ። ፊደል አይዋሽም» ብለውኝ ነበር። እርስዎ ፊደል ፈልገዋል። አግኝተውታልም።

አያቴን እንዳሉኝ ጠየቅኋት። «በ1961 ዶክተር ፕሩዊት መጥተው ነበር?» ስላት ቀና ብላ አየችኝ። መኮትኮቻዋን ከግድግዳው አንስታ ወደ በቆሎው ወጣች። በቆሎው ከተኮተኮተ ገና ሳምንት አልሆነውም።

ምን እንዳለችዎት እርስዎ ይጻፉልኝ። ያን ቀን ምን እንዳዩም ይጻፉልኝ።

ሬቫ ቪካርስ


ዋይዝ፣ ቨርጂኒያ
ጁላይ 17 ቀን 1988

ለዶክተር ፕሩዊት፤

አጭሯ ማስታወሻዎ ደርሳኛለች። «አይደለሁም አሉኝ፤ በቃ» ብለዋል። ያዩትን ግን አልጻፉልኝም። «እውነት ሎኒ ሜይ ከነበሩ ለምን ይክዳሉ?» ብለው ጥያቄውን መልሰው ለእኔ ወርውረዋል። እሺ፣ እመልስልዎታለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን አያቴ ጫማዋን ሳታወልቅ በረንዳው ላይ ተቀመጠችና ወንበር ሳቢ አለችኝ። የዱቄት ፋብሪካው ባለቤት ማግባቷን በሰማ ጊዜ ቢሮው አስጠርቶ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጇን እንዳስጫናት ነገረችኝ። ከረጢቱ ላይ ያለችው ልጅ ባል የላትም። ስለዚህ አያቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሎኒ ሜይ ነኝ» የሚል ቃል ከአፏ እንዳይወጣ ማለች። ታላቅ ወንድሟ እዚያው ወፍጮ ላይ ይሠራ ነበር፤ እምቢ ብትል ምን እንደሚከተል የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። የፋብሪካው ባለቤት ከሞተ ቆየ። ወፍጮው ተዘግቶ ዛፍ በቅሎበታል። እሷ ግን ለሰውዬው ሳይሆን በመጽሐፉ ነው የማለችው።

«ታዲያ ከናሽቪል የመጣው ሰውዬስ?» አልኳት።

«እሱማ ጠየቀኝ፤ አይደለሁም አልኩት። ወጣት ነበር። ያን ሁሉ መንገድ አቧራ ሲቅም መጥቶ ባዶውን ሊመለስ ሆነ፤ አሳዘነኝ። ጊታሩን ተቀበልኩትና ዘፈንኩለት።»

«አያቴ፣ ምለሽ አልነበረም?»

«ስሙን እንዳልጠራ ነው የማልኩት። እጄን እንዳላሳይ ያማለኝ የለም።»

ይህን ስትል ፈገግ አላለችም። እኔ ግን ያን ሁሉ ዘመን በአንዲት ቀዳዳ ስታይ እንደኖረች ገባኝ። አንድ አዋቂ ሰው መጥቶ እጇን አይቶ በእሷ ፈንታ እንዲናገርላት ጠብቃ ነበር። ያ ሰው ምን አለሽ አልኳት።

«ምን ይላል? እጄን አየ። የሚሽከረከር ማሽኑን አየ። መልሶ እጄን አየ። ፊቱ ነጣ፤ ውኃ ላምጣልህ ወይ አልኩት። ሌላ ጊዜ እመጣለሁ ብሎኝ ሄደ።» ጎንበስ ብላ ጫማዋን እየፈታች «አልመጣም» አለች።

ዶክተር፣ አሁን የምጽፈውን እርስዎ ከእኔ ቀድመው ያውቁታል።

ማሽን ስትል ነው ሁሉም የገጠመልኝ። በሁለተኛ ዓመቴ ክፍል ውስጥ አንድ ቴፕ አሰሙን። ካርቶኑን ከፍ አድርገው «ያልታወቀች ሴት፣ ዋይዝ ካውንቲ፣ 1961» ብለው አነበቡልን። ሎኒ ሜይን በራዲዮ ስትሰማ ኖራ የምታስመስል የተራራ ሴት ናት አሉን። ዝነኛ ዘፋኝ በሕዝብ ጉሮሮ ውስጥ እንዴት እንደምትደጋገም እንድንጽፍ አዘዙን። እኔ የመጣሁት ከዋይዝ ስለሆነ ኩራት ቢጤ ተሰማኝና እጄን አወጣሁ። ቀጭኑ ክር ከወፍራሙ ቀድሞ የሚሰማው ለምንድነው ብዬ ጠየቅሁ። እርስዎ ፈገግ ብለው «ያልተማረ እጅ ነዋ» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ጊታሩን ገልብጦ በግራው የሚመታ ሰው እጁ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው ቀጭኑን ክር ነው። ይህን እርስዎ ያውቃሉ። በዓይንዎ አይተዋል። እኔ በልጅነቴ አያቴ ጊታር ሳትይዝ ጠረጴዛው ላይ ጣቷን ስታንከባልል አይቼ ነበር፤ ከሸክላ ውጭ ግን ዘፈኗን ሰምቼ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከንፈሯን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው። ከሸክላ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ አያቴ ስትዘፍን የሰማሁት እርስዎ ክፍል ውስጥ ነው። ማን እንደሆነች ሳላውቅ ሰማኋት፤ «ጥሩ አስመሳይ ናት» ብዬ ጻፍኩ፤ እርስዎም ከፍተኛ ውጤት ሰጡኝ።

ስሜ ቪካርስ እንደሆነ ያውቃሉ። ከየት እንደመጣሁ ያውቃሉ። ያን ቀን ስስቅ ፊቴን እያዩ ነበር።

ይህን የክፍል ጓደኛዬ ቢነግረኝ አላምነውም ነበር። አሁንም ጠዋት ስነሳ ለትንሽ ጊዜ ሕልም ይመስለኛል።

ሬቫ ቪካርስ


ናሽቪል፣ ቴነሲ
ጁላይ 28 ቀን 1988

ሬቫ፤

ፈርን ደወለችልኝ። ናሽቪል መጥተሽ እንደጠየቅሻት ከእሷ ነው የሰማሁት። ለአንዲት አሮጊት ምን እንደነገርሻት አላውቅም፤ ስልኩ ውስጥ ስትስቅ ነበር። ፈርን ስትስቅ ደግሞ ነገር አለ።

እንግዲህ በግልጽ እንነጋገር። በ1961 የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበርኩ። የመጀመሪያ መጽሐፌ ማተሚያ ቤት ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ስለዚህ ሙዚቃ እጽፋለሁ ስትዪ ይሳቅብሽ ነበር፤ የገበሬ ጩኸት ይሉት ነበር። አንዲት የወፍጮ ሠራተኛ ልጅ ተነስታ አገር ያስለቀሰች እንደሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ያነባል። ሎኒ ሜይ የሚባል ሰው የለም፣ የከረጢት ስም ነው፣ ቀሚሱን የሚለብሰው ይቀያየራል ብል ኖሮ ግን ያ ሁሉ ሙዚቃ ማስታወቂያ ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ አንቺ የምትማሪበት ክፍል የተከፈተው በዚያ መጽሐፍ ነው። አያትሽም በአንደበታቸው አይደለሁም ብለውኛል። ቃላቸውን ማክበር ጥፋት ከሆነ አጥፍቻለሁ።

ማድረግ የምችለውን ልንገርሽ። በሁለተኛው እትም ከገጹ ግርጌ «በአንዳንድ ቤተሰቦች ትውስታ መሠረት ሌላ ሴትም ለአጭር ጊዜ በዚህ ስም ዘፍና ሊሆን ይችላል» የሚል አስገባለሁ። ስም ባንጠቅስ ይሻላል። አንቺ ሦስተኛውን ምዕራፍ ታወጪዋለሽ፤ እኔ እፈርማለሁ፤ በመከሩ ምረቃ ላይም ከጎኔ ትቀመጫለሽ። የእኔ ፊርማ የሌለው ጽሑፍ የት እንደሚደርስ ደግሞ አንቺ ብልህ ነሽ፣ መንገር አያስፈልገኝም።

ይህን የምልሽ እንደ አባት ነው፣ ልጄ። ሐይቁ ዳር ያለው ቤት ክፍት ነው። ነይና ከማርጌሪት ጋር ትንሽ አረፍ በዪ።

ሃርላን ፕሩዊት


ዋይዝ፣ ቨርጂኒያ
ኦገስት 14 ቀን 1988

ዶክተር ፕሩዊት፤

ለወይዘሮ ማርጌሪት ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። እሳቸው ምንም አልበደሉኝም። ማሰሮውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላቸዋለሁ፤ ብላክቤሪው በስሏል።

ፈርንን ምን እንዳልኳት አላውቅም ብለዋል። ብዙም አላልኳት። በሩን ስትከፍት ዊጓ ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ነበር። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አገጬን አየችና «የዞና ዘር ነሽ፤ ፎቶዋ እኔም ጋ አለ፤ ግቢ፣ ዝንቡ ይገባል» አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት። ለካ የአያቴን ስም የሚያውቅ ሰው ናሽቪል ከተማ ውስጥ፣ ከቢሮዎ በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ ርቆ፣ ተቀምጦ ኖሯል።

«ስሙን ከነቀሚሱ ነው የሰጡኝ» አለች። «ከዱቄት ከረጢት የተሰፋ ነበር፤ ብብቱ ሥር ላቧ ገና አልደረቀም። አያትሽ ደረቷ እግዚአብሔር የባረካት ሴት ነበረች፤ እኔ መሐረብ ጠቅጥቄበት ነው የዘፈንኩት። ስተነፍስ መሐረቡ ይንሸራተትብኛል፤ አድማጩ ስሜቴ ነክቶኝ የተንቀጠቀጥኩ ይመስለዋል።»

ለእርስዎ ነግራዎት እንደሆነ ጠየቅኋት። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ለፕሩዊት? ቤቴ የመጣ ቀን ነው የነገርኩት። ከእኔ በፊት ዞና የምትባል አንዲት ግራኝ ነበረች፣ ሂድ ፈልጋት አልኩት። ሄደና አገኛት፤ ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ እንደ ዱቄት ሆኗል። ይህን ለራስዎ ይያዙት አለኝ። ያዝኩታ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሎኝ ነው የያዝኩት። ብቸኛዋ ሲሉሽ ይጣፍጣል።»

እርስዎ አያቴ ጋ የደረሱት ሠፈር ለሠፈር ሲዞሩ መስሎኝ ነበር። ስሟን ይዘው ነው የሄዱት። ይህን ስሰማ ያዘንኩትን ያህል በምንም አላዘንኩም። አያቴ በእጇ የምትነግርዎትን ጭራሽ አስቀድመው ያውቁት ነበር።

ከፈርን ጋር ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ደረጃው ላይ እየረገመች ወጣች። ቴፑ ተከፈተ። አያቴ መዝፈን ስትጀምር ፈርን ከዘራዋን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። «ይቺ ናት» አለች። «ሸክላዋን እያዞሩ እንደ እሷ ዝፈኚ ያሉኝ ይቺን ናት። አፍንጫዬን ይዤ ተለማመድኩ እንጂ አልደረስኩባትም።» ከዚያ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አነበበችና «ያልታወቀች ብሎ ነገር። እኔ አውቃታለሁ» አለች። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ካርቶኑ ላይ ያለውን መለወጥ የሚችለው ቴፑን ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው አለችን። ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት።

ቅጂውን ይዤ ወደ ቤት መጣሁ። አያቴን ማዕድ ቤት አስቀምጬ አሰማኋት። የመጀመሪያውን ዘፈን አንገቷን ደፍታ ሰማች። ሲያልቅ «ጊታሩ በወጉ አልተቃኘም» አለች። ላጠፋው ስል እጄን ያዘችኝ። ድገሚው አለች። ደገምኩት። ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ መሄድ ጀመሩ፤ በሪህ ቆልመዋል፤ ግን ቀጭኑን ክር የቱ ጋ እንዳለ ያውቁታል። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል በጣም ቀስ ብላ «ሴትዮዋ ትችላለች» አለች።

እንዲህ ያለችው ስለ ራሷ ነው፣ ዶክተር። እንደ እንግዳ ሰው። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ እስከዚያ ድረስ ድንጋጤው እንባ አላስወጣኝም ነበር።

ፈርን ባለፈው ሳምንት በሴት ልጇ መኪና እዚህ መጥታ ነበር። ሁለቱ በሕይወታቸው ተገናኝተው አያውቁም። በረንዳው ላይ አንዷ ሌላዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። አያቴ «ቀሚሱ ልክሽ ነበር?» አለች። ፈርን ሳቋ መንገድ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ስለ እርስዎ ማንም አላነሳም፤ ስለ ራዲዮ ጣቢያው የተበላሸ ምድጃ፣ ከፋብሪካው ባለቤት ጢም ላይ ስለማትጠፋው ዱቄት ሲያወሩ ዋሉ። ሊለያዩ ሲሉ ፈርን ስለ ሴፕቴምበሩ ሽልማት አነሳች። አያቴ ደግማ እንደማለች ሰው እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እኔ ስሙን አልጠራም አለች። ፈርን እጇን ያዘቻት።

«አንቺ አትጥሪው። እኔ እጠራዋለሁ። እኔን ማንም አላማለኝም።»

እንግዲህ ፈርን ሽልማቱን ልትቀበል ወደ መድረኩ ስትወጣ ብቻዋን አይደለችም። አያቴ አዳራሹ ውስጥ ትቀመጣለች፤ እኔም አጠገቧ። ፈርን ማይክሮፎኑን ይዛ የምትለውን ተስማምተናል፤ ገዢው ቢኖሩም ባይኖሩም ትለዋለች። ለአሳታሚዎ ፈርን ጋ የነበረውን ያልተቆረጠውን ፎቶ ልኬያለሁ። ይህን ዛሬ የምጽፍልዎት በድንገት እንዳይይዝዎት ነው። እኛን በድንገት ያዙን፤ እኔ ያን አልመልስም።

ስለ ግርጌው መስመር እንነጋገር። «በአንዳንድ ቤተሰቦች ትውስታ መሠረት» የሚለውን አልቀበልም፤ ትውስታ አይደለም፣ ቴፑ በእርስዎ እጅ ጽሑፍ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። «ሊሆን ይችላል» የሚለውን አልቀበልም። ስም ባንጠቅስ የሚለውን ፈጽሞ አልቀበልም። ሦስተኛውን ምዕራፍ አላወጣም። ፊርማዎን ለሚፈልግ ተማሪ ይስጡት፤ እኔ የሚፈርምልኝ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፤ ካጣሁም ሳይፈረም ይታተማል። ይህ ሙዚቃ በእርስዎ መጽሐፍ ተከበረ ብለዋል። ሊሆን ይችላል። ግን ሁለት ሴቶች በአንድ ቀሚስ ስለዘፈኑት አይረክስም ነበር። ይህን ለአንባቢ አምነው ሳይሰጡት ቀሩ፤ እኔ እሰጠዋለሁ።

ከእንግዲህ ልጄ አይበሉኝ። ልጅዎ አይደለሁም።

ምስጋናዎንም ከመጽሐፉ ያውጡልኝ። ካርቶኑ ላይ የጻፉትን ሰርዘው ዞና ቪካርስ ብለው ይጻፉ፤ በገዛ እጅዎ። ወደዚያ ክፍል ለሚመጡት ተማሪዎች ቴፑን የሚያሰሙ ከሆነ ደግሞ ሲስቁ ዝም ብለው አይዩዋቸው። ያልተማረ እጅ አይደለም። ሎኒ ሜይን የፈጠረው እጅ ነው። አያቴ የራሷ አስመሳይ ተብላ እንድትጠራ፣ በእርስዎም ሆነ በማንም፣ ከዛሬ ወዲያ አልቀበልም።

ሬቫ ቪካርስ
የዞና ቪካርስ የልጅ ልጅ